ያልተሰማ ሸክላ

ሙዚቃ መግዛት ሙዚቃ መስማትን ሲሻማ

ትልቁ ሸክላ ከካርቶን ሽፋኑ ሲወጣ ጠርዙን ብቻ በመዳፍ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጣት ፊቱን ከነካው ወዙ እዚያው ይቀራል፣ አቧራም ይስባል። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኖቹን ርእስና የአሳታሚውን ምልክት ይዟል። ከወረቀቱ ውጭ ያለው ጥቁር ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት ልሙጥ ነው፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ግን ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ መሃል የሚጠቀለል አንድ ረጅም ቦይ ይታያል። ማጫወቻው ሸክላውን በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ያዞረዋል፤ መርፌው በቦዩ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ የተቀረጸውን ድምፅ ያወጣዋል። 20 ደቂቃ ያህል ሲያልፍ መርፌው ወረቀቱ ዘንድ ይደርስና ሙዚቃው ያበቃል። የቀረውን ለመስማት አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሸክላውን መገልበጥ አለበት። ይህ ዕቃ ሲሠራ ጀምሮ ሰው ይጠብቃል፤ የተቀመጠ፣ ጊዜ የሰጠ፣ እጁን ያሰናዳ ሰው። እሱ ካልመጣ ሸክላው ዝም ይላል።

ዝም ያሉ ሸክላዎች ደግሞ በዓለም ላይ እየበዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካውያን ወደ 41 ሚሊዮን ሸክላ ገዙ፤ ሲዲ የተሸጠው 33 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከ1987 ወዲህ ሸክላ በቁጥር ሲዲን ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ብዙዎች ዜናውን በደስታ ተቀበሉት፤ ሰው ከስልኩ ወጥቶ በእጅ ወደሚዳሰስ፣ በወግ ወደሚደመጥ ሙዚቃ ተመለሰ ተባለ። የሙዚቃ ሽያጭን የሚከታተለው ሉሚኔት የተባለ ድርጅት በዚያው ሰሞን ያወጣው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከጥናቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ሸክላ ከገዙት አሜሪካውያን መካከል ማጫወቻ የነበራቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከቀሪዎቹ አንዳንዱ ለስጦታ የገዛ፣ አንዳንዱ ማጫወቻውን ነገ ሊገዛ ያሰበ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ቀንሰንም ቁጥሩ አንድ እውነት ይነግረናል፦ መግዛትና መስማት በአንድ መንገድ ሲሄዱ ኖረው አሁን ተለያይተዋል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ሙዚቃን አብዝቶ የሚወድ ሰው አንድ ቀን ሳያውቀው ሙዚቃ መግዛትን ወደ መውደድ ይሻገራል። ሁለቱ ፍቅሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መደርደሪያውም፣ ወሬውም፣ ወጪውም ያው ነው። ከውስጥ ግን አንዱ ሌላውን ይበላል፤ የሚበላውም ጊዜን ነው። ስለዚህ እጅን ከመግዛት መሰብሰብ የንፉግ ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። አስቀድሞ ለተገዛው ሙዚቃ የሚከፈል ዕዳ ነው።

የሰዓት ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ትልቅ ሸክላ ሁለቱ ፊቱ ሲደመር 40 ደቂቃ ያህል ይጫወታል። 1,000 ሸክላ ያለው ሰው፣ ይህም በሰብሳቢዎች ዘንድ መካከለኛ የሚባል ነው፣ 40,000 ደቂቃ ሙዚቃ ቤቱ አለ። በየቀኑ ያለ ማቋረጥ አንድ ሰዓት ቢያዳምጥ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ለመስማት 22 ወር ይፈጅበታል። በቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ልብን ሰጥቶ መስማት ደግሞ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ቀላል አይደለም። ይህ ሰው በሳምንት 5 አዲስ ሸክላ ከገዛ 200 ደቂቃ ተጨማሪ ሙዚቃ ቤቱ ገባ ማለት ነው፤ በሳምንት ካለው 420 የማዳመጫ ደቂቃ ግማሽ ያህሉ ለመጀመሪያ ትውውቅ ብቻ አለቀ። 10 ከገዛ 400 ደቂቃው ይሄዳል፤ ማንኛውንም ዘፈን ደግሞ ለመስማት የሚተርፈው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ10 ካለፈ የሚገዛውን እንኳ ማዳረስ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግዢ ቀድሞ ከተገዛው ላይ የሚቀነስ ይሆናል።

የዚህን ጎዳና ጫፍ የሚያሳይ ሰው ብራዚል ውስጥ አለ። የአውቶቡስ ኩባንያ ባለቤት የሆነው የሳኦ ፓውሎው ዜሮ ፍሬይታስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሸክላ አከማችቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ ፖል ማዊኒ የተባለ የሸክላ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ግዙፍ ስብስብ እንዳለ ጠቅልሎ ገዛው። አንድ ሚሊዮን ትልልቅ ሸክላ ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ምግብ፣ ቀንና ሌሊት ቢደመጥ 76 ዓመት ይወስዳል። የፍሬይታስ ክምችት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ስብስብ ባለቤቱ ሰምቶ ሊጨርሰው እንደማይችል ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ይህ የሩቅ ጫፍ አይደለም፤ ከመደበኛው ገዢ ጋር ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ መሆኑ ነው። ሰምቶ ከሚጨርሰው በላይ መግዛት የጀመረ ሰው ሁሉ፣ 300 ሸክላ ይኑረው 3 ሚሊዮን፣ በዚያው መንገድ ላይ ነው።

መሻትና መጣፈጥ

ታዲያ ሰው ለምን አይበቃውም? በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የአእምሮ ተመራማሪ ኬንት ቤሪጅ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያካሄዱት ምርምር ለዚህ ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከአእምሯቸው የተሟጠጠባቸው አይጦች ምግብ አጠገባቸው እያለ ለመብላት አይነሡም፤ ሰው ካላጎረሳቸው ይሞታሉ። ስኳር ምላሳቸው ላይ ሲንጠባጠብላቸው ግን እንደ ጤነኛ አይጥ እየላሱ መጣፈጡን በፊታቸው ያሳያሉ። ቤሪጅ ከዚህ ተነሥተው መሻትና መጣፈጥ በአእምሮ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አስረዱ። ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ግን ሊለያዩም ይችላሉ። መሻት መጣፈጥን ጥሎ ብቻውን ሊበረታ ይችላል። አንድን ነገር እያሳደደ፣ ሲያገኘው የማይረካ፣ ሳይረካም ሌላ የሚያሳድድ ሰው ያለበት ሁኔታ ይህ ነው።

ሙዚቃን በተለይ የተመለከተ ምርምርም አለ። ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቫሎሪ ሳሊምፑር ከባልደረቦቿ ጋር በ2011 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ ዶፓሚን በሁለት ጊዜ እንደሚለቀቅ ታየ፤ አንዱ የዘፈኑ ልብ የሚነካው ቦታ ሲደርስ፣ ሌላው ያ ቦታ ሊደርስ ሲል፣ ገና በጉጉት ላይ እያሉ። በ2013 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ተሳታፊዎች ሰምተዋቸው የማያውቁ ዘፈኖች ቅንጭብ እየተሰማቸው ዘፈኑን ለማግኘት ከገንዘባቸው ስንት እንደሚከፍሉ ይናገሩ ነበር። ደስታን በመጠበቅ ላይ የሚሠራው የአእምሮ ክፍል ይበልጥ በነቃ ቁጥር የሚከፍሉት ዋጋ ጨመረ። ገዢው የሚከፍለው፣ ከሰማት ቅንጭብ ተነሥቶ ይመጣል ብሎ ለሚጠብቀው ደስታ ነው። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ነውርም የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ዋጋው ከተከፈለና ሸክላው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ጉጉቱ ሥራውን ጨርሷል፤ የሚቀረው ተስፋ የተደረገውን ደስታ በጆሮ መሰብሰብ ነው፣ ይህ ደግሞ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌላ ጉጉት መግዛት ግን ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ገበያው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ዲስኮግስ የተሰኘው የሸክላ መዝገብና መገበያያ ለተጠቃሚዎቹ የምኞት ዝርዝር መያዣ ሰጥቷቸዋል፤ በዝርዝሩ ያለ ሸክላ ለሽያጭ ሲቀርብ መልእክት ይልካል። በዝርዝሩ የገባ ምኞት እንግዲህ አይረሳም፤ ረስተኸው ነበርና አስታውስ የሚል ደላላ ተመድቦለታል። ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበረው የሸክላ መደብሮች ቀን የተነሣበት ዓላማ በጎ ነው፤ ትናንሽ መደብሮችን ከመዘጋት ማዳን። ነገር ግን ቀኑ የሚደምቀው በጥቂት ቁጥር በታተሙ፣ ዛሬ ካልተገዙ ነገ በማይገኙ ሸክላዎች ነው። በ2022 የቴይለር ስዊፍት «ሚድናይትስ» አልበም ሸክላ በአራት ዓይነት ሽፋን ወጣ፤ የአራቱ ጀርባ ሲገጣጠም የግድግዳ ሰዓት ይሠራል። ሰዓቱን የፈለገ አንዱን አልበም አራት ጊዜ ገዛ። ያገሬ ሰው «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይላል፤ የዛሬው ገበያ ግን መውጣት ሳያስፈልግ ቤት ድረስ ይመጣል።

ወርቁ ቆይቶ ይመጣል

የሰብሳቢው ትልቁ ኪሳራ ከገንዘቡ ይልቅ ድግግሞሽን ማጣቱ ነው። ሙዚቃ እንደ ሥዕል በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ እያለፈ ነው የሚሰማው። አድማጭ መጀመሪያውን ሲሰማ መጨረሻውን አያውቅም፤ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያው ሄዷል። ሁለቱን ማያያዝ የሚቻለው ሲደገም ነው። የሙዚቃ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ማርጉሊስ ይህን በአንድ ሙከራ አሳይታለች። የሉቺያኖ ቤሪዮንና የኤሊዮት ካርተርን ለጆሮ ከባድ የሆኑ ሥራዎች ወሰደች፤ እነዚህ አቀናባሪዎች መደጋገምን ሆን ብለው ይሸሹ ነበር። ከዚያም ቁራጮችን በኮምፒውተር እየቀዳች እዚያው ሥራ ውስጥ መልሳ አስገባች። አድማጮች የተነካካውን ከዋናው የበለጠ እንደወደዱት፣ በሰው እጅ የተሠራ የመሰላቸውም እሱ እንደሆነ ተናገሩ። ሮበርት ዛዮንክ በ1968 ባሳተመው የታወቀ ጥናትም ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ በማየቱና በመስማቱ ብቻ እየወደደው እንደሚሄድ ታይቷል። እርግጥ ድግግሞሽ ከልክ ሲያልፍ ይሰለቻል። የሰለቸ ዘፈን መድኃኒቱ ግን ለጥቂት ጊዜ ማሳረፍ ነው፤ ከወራት በኋላ ሲመለሱበት ሌላ ሆኖ ይጠብቃል።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ቤተ ሙከራ እንኳ አያስፈልግም። ቅኔ የሰማ ሰው ሰሙን በመጀመሪያ ይይዛል፤ ወርቁ የሚመጣው ቆይቶ፣ ቃሉን በአፉ ሲያላምጠው ነው። የአማርኛ ዘፈን ግጥምም ከዚህ ባህል ጠጥቷል፤ የፍቅር ዘፈን መስሎ የአገር ነገር የሚናገር፣ የናፍቆት መስሎ ተግሣጽ የያዘ ስንኝ በአንድ መስማት አይፈታም። የዜማ ቤት ተማሪ የቅዱስ ያሬድን ድጓ የሚማረው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ ያንኑ መልሶ መላልሶ እያለ፣ ለዓመታት ነው። ማንም ተማሪ ዛሬ አንድ መዝሙር ሰማሁ፣ ነገ ሌላ ልጨምር ብሎ ዜማ አወቅሁ አይልም። በዓለማዊው ሙዚቃም ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬን፣ አምባሰልን መለየት የሚችል ጆሮ በብዛት አልተሠራም። ጥቂት ዘፈን እስኪዋሐደው ድረስ በመስማት ተሠራ።

በአገራችን የቅጂ ታሪክ ውስጥ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የሚበረታ ማስረጃ አለ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ አምሃ ክልከላውን ደፍሮ ገባበት። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሆነ። ማኅሙድ አሕመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄና ሌሎችም ተከተሉ። አብዮቱ ፈንድቶ፣ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳክሞት አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄድ ድረስ ያሳተመው ከ100 ጥቂት የሚያልፉ ባለ ሁለት ዘፈን ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ነው። ትናንሾቹን እያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ፣ ትልልቆቹን 40 ደቂቃ ብለን ብንደምራቸው ጠቅላላው ከ22 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አንድ ቀንና ሌሊት አይሞላም። ሕዝብ ግን ይህን አንድ ቀን የማይሞላ ሙዚቃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሰምቶት አልጨረሰውም። በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ መልሶ ማሳተም ሲጀምር፣ በ2005 የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ በፊልሙ ሲያሰማ፣ የውጭው ዓለም የደረሰበት ሀብት ይኸው ነበር።

ሸክላ ቀርቶ ካሴት በነገሠበት ዘመንም አድማጩ በብዛት ሀብታም አልነበረም። አንድ ካሴት በሰፈር ይዞር ነበር። ቴፑ ክሩን ሲበላው በጥንቃቄ ይጎተታል፤ እስክሪብቶ በጥርሳማው ቀዳዳ ገብቶ ይሽከረከራል፤ የተበጠሰው በስስ ፕላስተር ይቀጠላል። እንዲህ የተዳነ ካሴት የማይሰማ ሊሆን አይችልም። የዚያ ዘመን ሰው የአልበሙን ዘፈኖች ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዘፈን መካከል ያለችውን ጸጥታ፣ ሳክስፎኑ የሚገባበትን ቦታ ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። ድህነትን ለማመስገን አይደለም ይህን ማንሣት፤ ዕጦት ያስገደደውን ትኩረት ዛሬ ያለው ሰው በፈቃዱ ሊያመጣው እንደሚችል ለማሳየት ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያውና ከባዱ ተቃውሞ፦ ሰው ካልገዛ ሙዚቀኛው ምን ይበላል? የሚል ነው። መልሱ ያለው ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ በመከተል ላይ ነው። ዋልያስ ባንድ በ1977 ያሳተመው «ቼ በለው» የመጀመሪያው እትም በሰብሳቢዎች ገበያ በሺዎች ዶላር የሚጠራ ሆኗል። ያ ገንዘብ ከአንድ ሰብሳቢ ወደ ሌላ ሰብሳቢ ይዞራል፤ ሙዚቀኛው ኪስ አይደርስም። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ አሜሪካን ከጎበኘ በኋላ እዚያው ቀርቶ ኖሯል፤ ለብዙ ዓመታት መተዳደሪያው በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ነበር። ኑሮው የተቃናው በሌላ መንገድ ነው። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ በ1985 የወጣ የኃይሉ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘ፤ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ተስማምቶ በ2013 መልሶ አሳተመው። «ቼ በለው»ም በቀጣዩ ዓመት እንደገና ወጣ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ስለዚህ ሙዚቀኛን መርዳት የሚፈልግ ሰው ለሙዚቀኛው ድርሻ ያለበትን እትም ይግዛ፣ ለኮንሰርቱ ትኬት ይቁረጥ። ሙዚቀኛን መርዳት በሚል ሰበብ ግን ያገለገለ ሸክላ መከመር የሰብሳቢውን እንጂ የሙዚቀኛውን ጥማት አያረካም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የበለጠ ክብር ይገባዋል። ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ብዙ ሙዚቃ ጠፍቶ ይቀር ነበር ይላል፤ እውነትም ነው። መንግሥትና ተቋማት ያልጠበቁትን የጠበቀው ብዙ ጊዜ አንድ ግትር ሰው ነው። ነገር ግን መጠበቅና ማከማቸት አንድ አይደሉም። የሚጠብቅ ሰው ያለውን ይመዘግባል፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ይከልላል፣ ድምፁን ይቀዳል፣ ሌላው እንዲሰማው በሩን ይከፍታል። ዜሮ ፍሬይታስ እንኳ ክምችቱን የሚመዘግቡ ሰዎች ቀጥሮ ለሕዝብ የሚጠቅም ቤተ መጻሕፍት መሰል ተቋም ለማድረግ ተነሥቷል፤ ብቻውን ሰምቶ የማይጨርሰው ሙዚቃ ትርጉም የሚያገኘው ሌላው ሲሰማው እንደሆነ ተረድቶታል ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከእኔ ሌላ ይህን ሸክላ ማን ሰማው? መልሱ «ማንም አልሰማውም» ከሆነ፣ የማከማቻ ክፍሉ ሙዚቃውን ከጥፋት አላዳነውም፤ በክብር ቀብሮታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጥያቄው ራሱ ጊዜው አልፎበታል ይላል፤ ዛሬ ሁሉም በስልክ ይደመጣል፣ መግዛትም መከመርም ቀርቷል። ዕቃው ቢቀርም ፍላጎቱ አልቀረም። ሉሚኔት በ2023 መጨረሻ በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች ላይ 184 ሚሊዮን ያህል ቅጂዎችን ቆጥሯል፤ ከእነዚህ ወደ 45.6 ሚሊዮን የሚጠጉት በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልተደመጡም። በዚህ ባሕር ውስጥ ያለ አድማጭ «በኋላ እሰማዋለሁ» እያለ ዝርዝር ያስረዝማል፤ ዘፈኑን ከግማሹ ቆርጦ ወደ ሌላው ይዘላል። ገንዘብ ስለማይወጣበት ወደ ልብ የሚመልስ ነገር የለውም። ሸክላ ገዢው ቢያንስ መደርደሪያው ሲጎብጥ ያያል።

አራተኛው ደግሞ፦ ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢደሰት ማንን ጎዳ? መፈለጉ ራሱ ደስታ አይደለም? ይላል። በእርግጥ ነው። በሸክላ መደብር ሣጥን ውስጥ ሽፋን በሽፋን እያገላበጡ መዋል፣ ከባለመደብሩ ጋር ስለ አንድ ያልታወቀ ጊታር ተጫዋች መጨዋወት ሕይወትን ያጣፍጣል። ይህን ደስታ ግን ከመግዛት መለየት ይቻላል፤ አምስት ሸክላ ይዞ ከመውጣት አንድ የታሰበበት ይዞ መውጣት ከሰዓቱ ደስታ አንዲት ቅንጣት አይቀንስም። ጉዳቱም የለም ማለት አይቻልም። የቤተሰቡ ሳሎን በካርቶን ሲጠብ፣ የወሩ ወጪ ሲደበቅ፣ ለትዳር ጓደኛ ስለ ዋጋው ሲዋሽ የሚጎዱ ሰዎች አሉ። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ግን ራሱ ገዢው ነው፤ የሚወደውን ነገር ሊወድበት የሚችለውን ሰዓት ሌላ የሚወደድ ነገር በመፈለግ ጨረሰው።

እጅን መሰብሰብ

አለመግዛት እንዲሁ በቁርጠኝነት ብቻ አይሳካም፤ ዛሬ የተማለ ነገ ይፈርሳል። የሚሻለው ለመሻት ጊዜ መስጠት ነው። የተወደደውን ሸክላ ስም ማስታወሻ ላይ ጽፎ 30 ቀን ማቆየት፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ከዝርዝሩ አብዛኛው ለምን እንደተጻፈ እንኳ ግር ይላል፣ አንዱ ሁለቱ ግን ይበልጥ ይናፈቃል። የሚገዛው ያ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ የገባ ሸክላ ሦስት ጊዜ ሙሉውን ሳይደመጥ ሌላ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ መደርደሪያውን መወሰን፤ ሲሞላ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም፣ የሚወጣውም ለሚሰማው ሰው ይሰጣል። አንድ መግዣ ምክንያት ግን ሁልጊዜ ቦታ ይኑረው፦ ያለው ሸክላ ራሱ ሌላውን ሲጠይቅ። የአንዱን ድምፃዊ ትዝታ ጠግቦ የሰማ ሰው ሌላው እንዴት እንዳለው ለማወቅ ቢጓጓ፣ ይህ ጉጉት ከመስማት የተወለደ ነውና ወደ መስማት ይመለሳል። ከማስታወቂያ የተወለደው ግን ወደ ማስታወቂያ ነው የሚመለሰው።

እንዲህ ያለውን መስማት እንደ እንግዳ ትምህርት ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም፤ ቤታችን ውስጥ አለ። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ጀበና ከገባ በኋላ አቦል ይቀዳል፤ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶና ይፈላል፤ ለሦስተኛ ጊዜ በረካ። ማንም እንግዳ ለእያንዳንዱ ስኒ አዲስ ቡና ይቆላልኝ አይልም። ሦስቱን ለመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በዚህ ሰዓት የአንድ ሸክላ አንዱ ፊት ሦስት ጊዜ ይደመጣል። በአቦሉ ዘፋኙ ይሰማል። በቶናው ከዘፋኙ ኋላ የነበረው ቤዝ፣ በሁለት ስንኝ መካከል የሚመልሰው ክራር ይሰማል። በበረካው ስንኙ ራሱ ይከፈታል፤ ስለ ማን እንደተዘፈነ ይገባል። ቡና ሲደጋገም እየቀጠነ ይሄዳል። ዘፈን ግን እየወፈረ ነው የሚመጣው፤ ሦስተኛው ዙር በረካ መባሉ በእሱ ላይ የበለጠ እውነት ይሆናል። መርፌው ወረቀቱ ዘንድ ሲደርስ ከተቀመጡት አንዱ ይነሣል፣ ጠርዙን በመዳፉ ይዞም ሸክላውን ይገለብጠዋል።